ከላሊበላ የተነሣው መንገደኛ፤ ስለ ተራራ ከተሞችና ስለ መንገዶቻቸው አንድ እንቆቅልሽ

አንድ ማታ ከጥናት በኋላ በመኝታ ክፍላችን ተቀምጠን ስንጫወት ከላስታ የመጣ ጓደኛዬ «እንቆቅልህ» አለኝ። እኔም እንደ ልማዱ «ምን አውቅልህ» አልሁት። «አንድ መንገደኛ ከላሊበላ ተነሥቶ በአውራው መንገድ ላይ ያሉትን አሥራ ሰባት ከተሞች፥ ላሊበላን ጨምሮ፥ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ እየረገጠ ጨረሰ። ጕዞው ያለቀው የት ነው?» አለ። ወረቀት አውጥቼ ብዙ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። በመጨረሻ «አገር ስጠኝ» ሲለኝ «ጎንደርን ሰጠሁህ» ብዬ ተገላገልሁ። እርሱ ግን ከት ብሎ ሳቀ። ለምን እንደ ሳቀ የገባኝ በማግሥቱ ነው፤ አንባቢም ቈይቶ ይገባዋል።

ይህ ጽሑፍ እንቆቅልሹ እንዴት እንደሚፈታ፥ ከመፍትሔውም ምን ሌላ ነገር እንደሚገኝ ለመግለጽ የቀረበ ነው። የሒሳብ ተማሪ ያልሆነ ሰው እንዲከታተለው ስለምፈልግ ከመደመርና ከሙሉና ከጎዶሎ ቍጥር በቀር ሌላ ዕውቀት አልጠይቅም። ወረቀትና እርሳስ ግን ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ካርታውን እንንደፍ። ከአዲስ አበባ ተነሥተን በደብረ ማርቆስ፥ በባሕር ዳር፥ በወረታ አድርገን ጎንደር እንገባለን። ከጎንደር ወደ ደባርቅ፥ ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርደንና ተከዜን ተሻግረን ወደ ሽሬ፥ ከዚያም ወደ አክሱም፥ ዓድዋ፥ ዓዲግራት፥ መቀሌ እንሄዳለን። ከመቀሌ ወደ ደቡብ ተመልሰን በወልዲያ፥ በደሴ፥ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ እንደርሳለን። ይህ አሥራ አራት ከተሞችና አሥራ አራት መንገዶች ያሉት ትልቅ ክብ ነው። ክቡን ደግሞ በመካከል የሚያቋርጥ መንገድ አለ፤ ከወልዲያ ወደ ጋሸና፥ ከጋሸና ወደ ደብረ ታቦር፥ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ። ይህን ቻይናዎች ስለ ሠሩት ሕዝቡ «ቻይና መንገድ» ይለዋል። ከጋሸና ወደ ሰሜን የምትገነጠል አንዲት መንገድ ላሊበላ ታደርሳለች። እንግዲህ በጠቅላላው አሥራ ሰባት ከተሞችና አሥራ ስምንት መንገዶች ሆኑ። በመካከል ያሉትን ትናንሽ ከተሞችና የጠጠር መንገዶችን ሆን ብዬ ትቻለሁ፤ እነርሱ ቢጨመሩ እንቆቅልሹ ሌላ እንቆቅልሽ ይሆናል።

ካርታው እውነተኛውን መምሰሉ ግድ አይደለም። ርቀቱ፥ ዳገቱ፥ ቍልቍለቱ ሁሉ ይቅር። የሚያስፈልገን የትኛው ከተማ ከየትኛው ጋር መገናኘቱ ብቻ ነው። ደባርቅን ባለፈ ሰው ፊት ሊማሊሞን በአንድ መሥመር መተካት ድፍረት ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ይህን ድፍረት ይፈቅዳል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። እኔ በዚያ ማታ የሠራሁት ስሕተት በየመንገዱ መሞከሬ ነው። በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ ያስተማሩን መምህር «የምትመርጠውን ከመምረጥህ በፊት ምርጫ የሌለህን ነገር ፈልግ» ይሉን ነበር፤ ምክራቸው ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው። መንገደኛው ምርጫ የሌለው የት ነው? ከላሊበላ ሲወጣ ወደ ጋሸና ብቻ ነው የሚሄደው። ከጋሸና ግን ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ወደ ምሥራቅ ወልዲያ፥ ወይ ወደ ምዕራብ ደብረ ታቦር።

ወደ ወልዲያ ሄደ እንበል። እንግዲህ ጋሸናን አንድ ጊዜ ስለ ረገጠ ወደዚያ አይመለስም። ደብረ ታቦርን የሚያገኘው በወረታ በኩል ብቻ ነው፤ ከደብረ ታቦርም ወደ ፊት መሄጃ የለውም፤ ምክንያቱም ሌላው መንገድ ወደ ጋሸና ነው። ስለዚህ ጕዞው የግድ ደብረ ታቦር ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በፊት የረገጠውም ወረታን ነው። ነገር ግን ወረታ የሚደርሰው ወይ በሰሜን፥ በመቀሌና በጎንደር፥ ወይ በደቡብ፥ በደሴና በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ ነው። በሰሜን ከመጣ የደቡቡ ከተሞች፥ በደቡብ ከመጣ የሰሜኑ ከተሞች ሳይታዩ ይቀራሉ። ስለዚህ ወደ ወልዲያ መሄድ አይሆንም።

እንግዲያስ መንገደኛው ከጋሸና ወደ ደብረ ታቦር፥ ከዚያም ወደ ወረታ ሄዷል። ወረታ ላይ ዳግመኛ ሁለት ምርጫ ያገኛል። ወደ ባሕር ዳር ቢታጠፍ ደብረ ማርቆስን፥ አዲስ አበባን፥ ደብረ ብርሃንን፥ ደሴን፥ ወልዲያን፥ መቀሌን፥ ዓዲግራትን፥ ዓድዋን፥ አክሱምን፥ ሽሬን፥ ደባርቅን አልፎ ጎንደር ላይ ይጨርሳል። ወደ ጎንደር ቢታጠፍ ያንኑ ክብ በተቃራኒው ዞሮ ባሕር ዳር ላይ ይጨርሳል። ከእነዚህ ሌላ መልስ የለም። «ጎንደርን ሰጠሁህ» ስል ሳላውቅ ከሁለቱ መልሶች አንዱን ሰጥቼው ኖሯል። ጓደኛዬ የሳቀው በዚህ ነው። ሳያውቁ መመለስ ግን መመለስ አይደለም፤ እርሱም ይህን አጥብቆ ነገረኝ።

መንገደኛው የተነሣበት ከተማ ላሊበላ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ላሊበላ አንድ መንገድ ብቻ ስላላት የጕዞው መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ካልሆነች በቀር ተገብቶባት ሊወጣባት አይቻልም፤ የገባ ሰው ሲመለስ ጋሸናን ሁለት ጊዜ ይረግጣልና። ስለዚህም ሁሉን ከተማ አንድ ጊዜ አይቶ ወደ ተነሡበት መመለስ በዚህ ካርታ ፈጽሞ አይቻልም።

ከተሞችን አንድ ጊዜ ብቻ የማየትን ጥያቄ አየርላንዳዊው ዊሊያም ሮዋን ሃሚልተን በ1857 እ.ኤ.አ. ሃያ ነጥቦች ባሉት መጫወቻ ላይ አቅርቦት ስለ ነበር ዛሬም በስሙ ይጠራል። ለማንኛውም ካርታ የሚሠራ ፈጣን ደንብ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ለእኛ የቀለለው ካርታው ትንሽ፥ ምርጫውም ጥቂት ስለ ሆነ ነው።

ጥያቄውን ትንሽ ብንለውጠው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። መንገደኛው ከተማ ሳይሆን መንገድ ይቍጠር፤ አሥራ ስምንቱን መንገድ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ ይችላልን? ይህን ዓይነት ጥያቄ የፈታው ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው። በ1735 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ስለ ኮኒግስበርግ ከተማ ሰባት ድልድዮች ባቀረበው ጽሑፍ ሁሉንም ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ መጨረስ እንደማይቻል አስረዳ። ነገሩ እንዲህ ነው። መንገደኛ አንድ ከተማ በገባ ቍጥር በሌላ መንገድ መውጣት አለበት። ስለዚህ መንገዶቹ በየከተማው ጥንድ ጥንድ ሆነው ያልቃሉ፤ አንዱ ለመግቢያ፥ አንዱ ለመውጫ። የመንገዱ ቍጥር ጎዶሎ የሆነበት ከተማ የጕዞው መነሻ ወይም መድረሻ መሆን አለበት። መነሻና መድረሻ ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው።

በእኛ ካርታ ጎዶሎ ከተሞች ስንት ናቸው? ወረታ ሦስት፥ ወልዲያ ሦስት፥ ጋሸና ሦስት፥ ላሊበላ አንድ መንገድ አላቸው። የቀሩት አሥራ ሦስቱ ሁሉ ሁለት ሁለት አላቸው። ጎዶሎዎቹ አራት ስለ ሆኑ የተጠየቀው አይቻልም። እዚህ ላይ ሙከራ የለም፤ ቈጥሮ መመለስ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ገጽ ሙሉ ክርክር ሲጠይቅ ይህ በጣት ቈጠራ ማለቁ በጣም አስደነቀኝ፤ ሁለቱ ጥያቄዎች ሲሰሙ ወንድማማች ይመስላሉና።

ካልተቻለ ደግሞ ከሁሉ ባነሰ ድግግሞሽ እንዴት እናድርግ? ይህን በ1960 እ.ኤ.አ. የጠየቀው ቻይናዊው የሒሳብ ሊቅ ጓን ሜይጉ ነው። ፖስታ አዳዩ ሁሉንም ጎዳና አዳርሶ ሲመለስ የሚደግመው መንገድ ከሁሉ ያነሰ እንዲሆን ፈለገ፤ ስለዚህም «የቻይናው ፖስተኛ ጥያቄ» ይባላል። የእኛ መንገደኛ ከወረታ ተነሥቶ ወልዲያ ላይ እንዲጨርስ ከተፈቀደለት የሚደግመው የጋሸናንና የላሊበላን መንገድ ብቻ ነው፤ ይኸውም 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ዞሮ ወልዲያ ይደርሳል፤ በጋሸና ላሊበላ ደርሶ ይመለሳል፤ በደብረ ታቦር ወረታ ይገባል፤ ከዚያ በጎንደርና በመቀሌ በኩል ወልዲያ ላይ ያበቃል። ወደ ተነሣበት እንዲመለስ ከተገደደ ግን ከላሊበላ መንገድ ሌላ ከወረታ እስከ ወልዲያ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ በሙሉ መድገም አለበት። የቻይናው ፖስተኛ በቻይና መንገድ ተመላለሰ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ለጓደኛዬ ግን እንቆቅልሹ ከጨዋታ አልተነሣም። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ እርሱ ከቤተ ሰቡ ርቆ ይማር ነበር፤ መንገድ ሲዘጋ ወላጆቹን የሚያገኝበት ጠፍቶት ካርታ እየነደፈ «በየት በኩል ይደረሳል?» ሲል ከረመ። የላሊበላ መልስ ምንጊዜም አንድ ነው፤ በጋሸና።

አንድ መንገድ ቢቈረጥ ካርታውን ለሁለት የሚከፍለው ከሆነ «ብቸኛ መንገድ» እንበለው። ሁሉም ክፍት በሆነ ጊዜ በካርታችን ብቸኛው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የጋሸናና የላሊበላ። ሌሎቹ አሥራ ሰባቱ በክብ ላይ ስላሉ አንዱ ቢዘጋ ዞሮ መድረስ ይቻላል። አሁን በሰኔ 2013 ዓ.ም. የሆነውን እናስብ፤ በተከዜ ላይ ያለው ድልድይ ፈረሰ። በካርታችን ላይ የደባርቅንና የሽሬን መሥመር መሰረዝ ማለት ነው። የተሰረዘው አንድ መሥመር ብቻ ነው። ብቸኛ መንገዶቹ ግን ስንት ሆኑ? ትልቁ ክብ ተበጠሰ። የቀረው ክብ ከወረታ በባሕር ዳር፥ በአዲስ አበባ፥ በደሴ፥ በወልዲያና በጋሸና ዞሮ ወረታ የሚመለሰው ነው፤ ዘጠኝ መንገዶች አሉት። የቀሩት መንገዶች አሥራ ሰባት ስለ ሆኑ ዘጠኙ ሲቀነሱ ስምንት ይቀራሉ፤ ስምንቱም ብቸኛ ናቸው። እነርሱም የላሊበላው፥ ከወረታ እስከ ደባርቅ ያሉት ሁለቱ፥ ከወልዲያ እስከ ሽሬ ያሉት አምስቱ ናቸው።

ብቸኛው መንገድ አንድ የነበረው ስምንት ሆነ። ዓድዋ ላይ ያለ በሽተኛ ወይም አክሱም የሚጠበቅ እህል ከዚያ ወዲያ በዚህ ካርታ አንድ በር ብቻ ቀረው፤ ያም በወልዲያ በኩል ያለው ነው፤ ከዚያ በር እስከ ሽሬ ካሉት አምስት መንገዶች አንዱ ቢዘጋ ከበስተኋላው ያለው ከተማ ሁሉ ተለይቶ ይቀራል። የጓደኛዬ መንገደኛም በዚያ ካርታ ጕዞውን ሊፈጽም አይችልም፤ ላሊበላ፥ ደባርቅና ሽሬ ሦስቱም አንድ አንድ መንገድ ብቻ ስላላቸው ሦስት ጫፍ ሆነዋል፤ ጕዞ ግን ከሁለት ጫፍ በላይ የለውም።

ይህን ቈጠራ ለጓደኛዬ ባሳየሁት ጊዜ ወረቀቱን ወሰደና ከላሊበላ ወደ ሰሜን፥ ወደ ሰቆጣ፥ አንድ መሥመር በእርሳስ ጨመረ። «ይህን ሆን ብለህ ተውኸው» አለኝ። እውነት ነው፤ ትቼው ነበር። መሥመሩ ከሰቆጣ አልፎ ከትልቁ ክብ ጋር ቢገናኝ ላሊበላ ሁለት በር ታገኛለች፤ ብቸኛ የሚባለውም መንገድ ከካርታው ይጠፋል። አሁን ሁለታችንም በዚያ በተጨመረው መሥመር መንገደኛው የት እንደሚጨርስ እየፈለግን ነው።