በመስማት ሕክምና ክፍል ምርምርን ስለሚገቱ ነገሮች

ምርመራና ምርምር ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ሲሆኑ፣ በመስማት ሕክምና ክፍል ውስጥ ግን በአንድ ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንደሚሻሙ ወንድማማቾች ሆነው ይታያሉ፤ ክፍሉ የተሠራው፣ ሰዓቱ የተመደበው፣ መዝገቡም የተሰናዳው ዛሬ ደጅ ለሚጠናው ሕሙም እንጂ ነገ ለሚመጣው ተመራማሪ አይደለምና።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰፊ ዘገባ፣ የመስማት ጉድለት ያገኘው ሰው ወደ 1.5 ቢሊዮን እንደሚጠጋ፣ ከእነዚህም 430 ሚሊዮን ያህሉ ርዳታ እንደሚያሻቸው፣ ከድኾቹ አገሮችም ከመቶ 93 ያህሉ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ የመስማት ባለሙያ እንኳ እንደማይደርሳቸው ገልጧል። በእንዲህ ያለው ስፍራ፣ የተሰማውን ድምፅ 10 ዴሲቤል ዝቅ፣ ያልተሰማውን 5 ዴሲቤል ከፍ እያደረገ ሕሙሙ የሚሰማውን የመጨረሻ ደካማ ድምፅ ሲፈልግ የሚውለውን ባለሙያ፣ ለጥናት ሲባል ያንኑ ደግመህ ለካ ማለት በደከመ በሬ ላይ ሁለተኛ ቀንበር መጫን ነው። የጸጥታም ነገር አለ፤ ከመንገድ የሚገባው የመኪና ጕርምርምታ ወፍራሞቹን ድምፆች ስለሚውጣቸው፣ ጆሮው ደኅና የሆነውን ሰው የመስማት ድካም እንዳለበት አድርጎ ያስመዘግበዋል።

ከሁሉ ይልቅ ረቂቅ የሆነው ግን የማወዳደር ችግር ነው። መድኃኒትን የሚፈትን ሐኪም፣ ኃይል የሌለውን እንክብል አስመስሎ ለግማሾቹ በመስጠት ውጤቱን ሊያመዛዝን ሲችል፣ የመስሚያ መሣሪያ ላጠለቀ ሰው ግን ድምፁ መጉላት አለመጉላቱን የሚነግረው የገዛ ጆሮው ነውና እንዴት አድርገው ይሸሽጉታል? በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ላሪ ሂዩምስና ባልደረቦቹ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለአንዱ ወገን አረጋውያን ድምፅን ሳያጎላ እንዳለ የሚያሳልፍ መሣሪያ በማጥለቅ ይህን መሰናክል በብልኀት አልፈውታል፤ ብልኀቱ የተሳካው ግን በዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ነው። ኑሮው በመሣሪያ ሽያጭ ላይ የቆመ ክሊኒክ፣ ርዳታ ሽተው የመጡትን ሽማግሌ «ለ6 ሳምንት ምንም የማይፈይድ ነገር ያጥልቁልን» ይላቸው ዘንድ ኅሊናውም ኪሱም አይፈቅዱለትም፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሚከለክለው የትኛው እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ልሳንም የራሱን ግንብ ያቆማል። ንግግር መስማትን የሚፈትኑት የቃላት ዝርዝሮች፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ተዘጋጅቶ በ1952 እ.ኤ.አ. እንደታተመው የእንግሊዝኛ ዝርዝር፣ የየቋንቋውን ድምፅ መጥነው የተመረጡ ስለሆኑ በትርጉም ብቻ አይሻገሩም። በአማርኛ ደግሞ ማጥበቅና ማላላት ፍች ይለውጣል፤ «ገና» ላልቶ ሲነገር ያልደረሰ ጊዜ፣ ጠብቆ ሲነገር የልደት በዓል ነው፤ ፊደላችን ግን ልዩነቱን አያሳይም። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖሩ አንድ አዛውንት፣ አማርኛ በማያውቅ መርማሪ ፊት ተቀምጠው የሰሙትን በወረቀት እንዲጽፉ፣ ወረቀቱም ኋላ በአስተርጓሚ እንዲታረም ቢደረግ፣ ላልቶ የተነገረውን የውሃ «ዋና» አጥብቀው እንደ አለቃ «ዋና» ቢሰሙትም፣ አራሚው ልክ ነው ብሎ ያልፈዋል።