የመኪና ኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ ሚዛን በቆቦና በራያ ቆላ መንገድ

ከወልድያ ተነሥቶ በሮቢት፣ በቆቦና በዋጃ በኩል አላማጣ የሚደርሰው መንገድ በራያ ቆላ ሜዳ ያልፋል። በሜዳው ላይ መኪና ስለሚፈጥን፣ በዳገት ያልታወቀ መንቀጥቀጥ እዚህ ይገለጣል። ከምክንያቶቹም አንዱ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ሚዛኑን ማጣቱ ነው። ነገሩ ቸል ቢባል ክሮቼራው፣ ማለት መስቀል መሰሉ መጋጠሚያ፣ ፈጥኖ ያልቃል፤ ዘንጉም ከፊት ተላቆ መሬት ቢወጋ ተሳፋሪ የጫነ መኪና ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ ማመዛዘኛ መሣሪያ በሌለበት ስፍራ ምን ማድረግ እንደሚቻል እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ስለ ኃይሉ መጠን እንናገር። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር፣ የዲፈረንሻሉ ቅነሳ 4 ለ 1 ቢሆን፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ዘንጉ በደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞራል። ከመካከሉ 4 ሳንቲ ሜትር ርቆ በአንድ ጎን የተረፈ 10 ግራም ክብደት በዚህ ጊዜ ዘንጉን 4 ኪሎ ግራም ያህል በሚከብድ ኃይል ወደ ውጭ ይስበዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ ግን ኃይሉ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይወርዳል፤ ይኸውም ኃይሉ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ጥፋቱ የዘንጉ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። በሜዳ ላይ ብቻ፣ ለጥቂት ጊዜ ማርሹ ነፃ ሲደረግ መንቀጥቀጡ ካልጠፋ፣ ሞተሩ ምክንያት አይደለም። ከኮረም ወደ አላማጣ በሚወርደው ቁልቁለት ግን ይህ ከቶ አይሞከርም። የጎማ መንቀጥቀጥ ዘገምተኛ ነው፤ የዘንጉ ግን ፈጣንና ከወለሉ የሚሰማ ነው። ቀጥሎም መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማዎቹ በታኮ ተይዘው ዘንጉ ይመርመር። በጎርፍ ወቅት የተጣበቀ ደረቅ ጭቃ ይፋቅ፤ የላላ ክሮቼራ ይለወጥ። ዘንጉ የሚፈታ ከሆነ፣ በነበረበት እንዲመለስ አስቀድሞ ምልክት ይደረግበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መንቀጥቀጡ ካልተወ ወደ ማመዛዘኑ እንሄዳለን። የዘንጉ ዙሪያ በዲፈረንሻሉ አጠገብ በኖራ ከ1 እስከ 4 ይከፈላል። የውሃ ጎማ የሚታሰርበት ባለ ብሎን የብረት ማሰሪያ፣ ብሎኑ በ1ኛው ምልክት ላይ ሆኖ ጠብቆ ይታሰራል፤ መኪናውም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ይነዳል። በቀሩት ምልክቶችም እንዲሁ ተሞክሮ የተሻለው ይመረጣል። ክብደቱ ካነሰ ሁለተኛ ማሰሪያ በዚያው ላይ ይጨመራል። ሁለቱ ከበዙ ብሎኖቻቸው ግራና ቀኝ ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው 120 ዲግሪ ሲሆን የሁለቱ ኃይል የአንዱን ብቻ ያህል ይሆናል።

መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ዘንጉ ሲዞር ከሥሩ መግባት ለሞት የሚያበቃ ስለሆነ፣ ሙከራው በመንገድ ላይ ብቻ ይሁን። ማሰሪያ ትንሽ የክብደት ልዩነትን ያቃናል እንጂ የጎበጠ ወይም የተሰነጠቀ ዘንግ አያድንም። እንዲህ ያለው ዘንግ ከመኪናው ወርዶ ወደ ባለሙያ መላክ አለበት።