የማያ ሴቶች የሽመና ጥበብና ያልተቋጨው የባለቤትነት ጥያቄ

በመካከለኛው አሜሪካ በምትገኘው ጓቲማላ የ25 ሳንቲም ገንዘብ ላይ፣ ረጅም የተሸመነ ጥብጣብ በራሷ ላይ የጠመጠመች የአንዲት የማያ ተወላጅ ሴት ምስል ይታያል። ይህ ጥምጥም በአቲትላን ሐይቅ ዳርቻ የምትገኘው የሳንቲያጎ አቲትላን ከተማ ሴቶች መለያ ነው። መንግሥት የሀገሪቱ መታወቂያ አድርጎ በገንዘቡ ላይ ያሳረፈው የማያ ሴቶች የሽመና ጥበብ በሕግ ፊት ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክር አስነስቷል።

እ.ኤ.አ. በ2018 በተካሄደው ቆጠራ መሠረት ከጓቲማላ ሕዝብ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው የማያ ተወላጅ ነው። በሀገሪቱ 22 የማያ ቋንቋዎች የሚነገሩ ሲሆን፣ የማያ ሕዝቦች ከጓቲማላ በተጨማሪ በደቡብ ሜክሲኮ፣ በቤሊዝና በሆንዱራስ ይኖራሉ።

ሽመና በማያ ሕዝብ ዘንድ ረጅም ታሪክ ያለው ሙያ ነው። በሜክሲኮ የሃይና ደሴት ከሚገኙ ጥንታዊ መቃብሮች ከወጡት የሸክላ ምስሎች መካከል ተቀምጣ የምትሸምን ሴትን የሚያሳይ ይገኝበታል። በያሽቺላን ከተማ የተገኘውና ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሪትሽ ሙዚየም የተቀመጠው የድንጋይ ቅርጽ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ709 በተከናወነ ሥርዓት ላይ የንጉሡ ባለቤት ለብሳው የነበረውን ባለጥለት ቀሚስ በዝርዝር ያሳያል። በቀሚሱ ላይ የሚታየው ጥለት በሜክሲኮ ቺያፓስ ግዛት ደጋማ አካባቢ የሚኖሩ ሴቶች ዛሬም ከሚሸምኑት ጋር እንደሚመሳሰል ተመራማሪዎች ያስረዳሉ።

ሴቶቹ የሚጠቀሙበት የሽመና መሣሪያ ከጥቂት እንጨቶችና ከገመድ የሚዘጋጅ ነው። የድሩ አንደኛው ጫፍ ከዛፍ ወይም ከቤት ምሰሶ ጋር ይታሰራል። ሁለተኛው ጫፍ ደግሞ ሸማኔዋ በወገቧ ዙሪያ ከምትታጠቀው ጠፍር ጋር ይያያዛል። ሸማኔዋ ወደ ኋላ ስትለጠጥ ድሩ ይወጠራል፤ ወደ ፊት ስታዘነብል ደግሞ ይላላል። የሸማኔዋ አካል የመሣሪያው አንድ ክፍል በመሆኑ የጨርቁ ስፋት እጆቿ ከሚደርሱበት አያልፍም። በዚህም ምክንያት ዊፒል ተብሎ የሚጠራው የሴቶች የላይኛው ልብስ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሁለት ወይም ሦስት ጨርቆችን በመጋጠም ነው።

የዊፒሉ ጥለት በአብዛኛው ጨርቁ ካለቀ በኋላ የሚጠለፍ አይደለም። ሸማኔዋ ድሩን እየቆጠረች፣ ከዋናው ማግ በተጨማሪ ባለቀለም ክር በጣቷ እያስገባች ቅርጹን ከጨርቁ ጋር አብራ ትሠራዋለች። በሳን አንቶኒዮ አጓስ ካሊየንቴስ የሚሠራው ዊፒል በፊቱም ሆነ በጀርባው ተመሳሳይ ጥለት የሚያሳይ በመሆኑ ይታወቃል። አንድ በጥራት የተሠራ ዊፒል ወራትን ሊወስድ ይችላል። ዕውቀቱም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በጽሑፍ ሳይሆን በማየትና በመሥራት ነው።

የየከተማው ጥለትና የቀለም አጣጣል የተለያየ በመሆኑ አንዲት ሴት የለበሰችውን በማየት ብቻ የመጣችበትን አካባቢ ማወቅ ይቻል ነበር። ይህ መለያ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1996 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ለአደጋ ምክንያት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1999 የቀረበው የእውነት አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት እንደሚያመለክተው በጦርነቱ ወደ 200 ሺህ የሚገመቱ ሰዎች ሲሞቱ ወይም የደረሱበት ሲጠፋ፣ ማንነታቸው ከታወቀው ተጎጂዎች 83 በመቶው የማያ ተወላጆች ነበሩ። በዚያ ወቅት ብዙ ሴቶች ከየት እንደመጡ እንዳይታወቅባቸው የአካባቢያቸውን ልብስ ለመተው ተገድደዋል። የባህል ልብስን የመልበስ መብት እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ነባር ሕዝቦች ማንነትና መብት በተፈረመው ስምምነት ዕውቅና አግኝቷል።

የዛሬው ስጋት ከገበያ የመጣ ነው። የዊፒል ጥለትን በሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ በማተም የሚዘጋጁ ርካሽ ልብሶች ገበያውን ተሻምተዋል። አሮጌ ዊፒሎችም በዝቅተኛ ዋጋ እየተገዙና እየተቆራረጡ ቦርሳና ጫማ ሆነው ለውጭ ገበያ ይቀርባሉ። ከዚህ ንግድ የሚገኘው ትርፍ ግን ጥለቱን ለፈጠሩት ማኅበረሰቦች እንደማይደርስ ሸማኔዎቹ ይገልጻሉ።

በዚህ ምክንያት የሳካቴፔኬዝ ሴቶች የልማት ማኅበር ከሌሎች ሸማኔዎች ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረበ። አቤቱታው መንግሥት የማያ ሕዝቦችን የጋራ የፈጠራ ሀብት የሚጠብቅ ሕግ ባለማውጣቱ ሕገ መንግሥታዊ ግዴታውን አልተወጣም የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2017 የሀገሪቱ ምክር ቤት ጉዳዩን የሚመለከት ሕግ እንዲያወጣ አሳስቧል። በዚያው ዓመት የሕግ ማሻሻያ ረቂቅ ለምክር ቤቱ ቢቀርብም በቀጣዮቹ ዓመታት ሳይጸድቅ ቆይቷል።

የጉዳዩ አስቸጋሪነት የሚመነጨው ከቅጂ መብት ሕግ አወቃቀር ነው። ሕጉ በመሠረቱ ስሙ የሚታወቅ ግለሰብ ወይም ድርጅት ለፈጠረው ሥራ ለተወሰነ ጊዜ ጥበቃ የሚሰጥ ነው። የዊፒል ጥለት ግን የአንድ ሰው ፈጠራ አይደለም፤ ዕድሜውም ሕጉ ከሚያውቀው የጥበቃ ዘመን እጅግ ይበልጣል። በዚህም የተነሳ ጥለቱ ማንም ያለ ፈቃድ ሊጠቀምበት የሚችል የወል ንብረት ተደርጎ ይቆጠራል። ሸማኔዎቹ ግን በሕይወት ያለ ባለቤት ያለው ሀብት ባለቤት እንደሌለው ሊታይ አይገባም በማለት ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. በ1562 የስፔን ሚስዮናውያን በማኒ ከተማ የማያ መጻሕፍትን ማቃጠላቸውን በማስታወስም፣ ጨርቆቻቸውን ከእሳቱ የተረፉ መጻሕፍት አድርገው ይቆጥሯቸዋል።

ሌሎች ሀገሮች ለተመሳሳይ ችግር መፍትሔ ለማበጀት ሞክረዋል። ፓናማ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ነባር ሕዝቦች የዕደ ጥበብ ሥራዎቻቸውን በጋራ ስም የሚያስመዘግቡበትን ሥርዓት ዘርግታለች። ሜክሲኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው የፌዴራል ሕግ የነባር ሕዝቦችን ባህላዊ ሀብት ያለ ማኅበረሰቡ ፈቃድ ለንግድ ማዋልን በቅጣት የሚያስጠይቅ አድርጋለች።

ሕግ ማውጣቱ ብቻውን ሁሉንም ጥያቄ አይመልስም። አንድ ጥለት በበርካታ ከተሞች የሚሠራ ሲሆን ፈቃድ የሚሰጠው የትኛው ማኅበረሰብ እንደሆነ፣ የሚገኘው ገቢ እንዴት እንደሚከፋፈልና በማኅበረሰቡ ስም የሚፈርመው ማን እንደሆነ ሕጉን የሚያስፈጽሙ መሥሪያ ቤቶች አስቀድመው መወሰን ይኖርባቸዋል። አንዲት ወጣት ለወራት ደክማ የሠራችው ዊፒል በታተመ ጨርቅ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ፣ ሙያውን ከእናቷ የምትማርበት ምክንያት እየጠበበ መሄዱ አይቀርም። በማየትና በመሥራት ብቻ የሚተላለፍ ዕውቀት ደግሞ ተቀባይ ትውልድ ካጣ መልሶ ማግኘት አዳጋች ይሆናል።