ጥርስ ሲጠርስ

ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠችው በመካነ ሰላም፣ የኅዳር ውርጭ ሣሩን አንጥቶ ባደረበት ማለዳ የምንጭ ውኃ ተጎንጭቶ ወዲያው ፍሉን አቦል የቀመሰ ሰው፣ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ወደ ጥርስ ሕክምና ክፍሌ ሲገባ፣ ሕማሙን ከመናገሩ አስቀድሞ ፍርዱን ያሰማኛል፤ «ንቀልልኝ!»

በዕድሜ የገፉ አንዲት እናትም ከዚሁ ከዙሪያው ከቦረና ገጠር መጥተው ይህንኑ ለመኑኝ። በመስታወቴ ባይ ጥርሱ አልተበላም፤ ነገር ግን ድዱ ሸሽቶ፣ በጥርሱ አንገት ላይ በመጥረቢያ የተከተፈ የሚመስል ሰርጓዳ ተቀርጿል። ምክንያተ ሕማሙን ከመቀነታቸው መዘው ያሳዩኝ የወይራ መፋቂያ መሰከረ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ መጋዝ ሲስቡት ኖረዋል።

የጥርስ አናት ጽኑዕ ልባስ ለብሷል፤ የሥሩ ሽፋን ግን እጅግ ስስ ነውና፣ ድድ ሲሸሽና ያ ሽፋን ሲፋቅ፣ በውስጡ ያለው አካል እልፍ ጥቃቅን ቧንቧዎቹን ይገልጣል፤ በእነዚህም ያለው ፈሳሽ በብርድ፣ በሙቀት፣ በነፋስም ጭምር ሲናወጥ ነርቩ ይደነግጣል። በትንቢተ ኤርምያስና በትንቢተ ሕዝቅኤል በጨርቋው ወይን ምሳሌ ጥርስ «ጠረሰ» መባሉም ከዚህ አይርቅም፤ ኮምጣጣ ነገር ልባሱን ያሟሟልና፣ ጥርስን ለማንጣት በሎሚ የሚያሹ ሁሉ ይህን ያስቡ።

«እማማ፣ ይህን ቀዝቃዛ ውኃ ይጎንጩና፣ እንደዋጡት አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ» አልኋቸው። ፊታቸው ተኮማተረ፤ ወዲያው ግን ተፈታ፤ ከጸሎቱ እኩሌታ ሳይደርሱ ሕማሙ ጠፍቷል። እስላም ቢሆኑ ኖሮ ፋቲሃን ባስቀራኋቸው ነበር፤ ሰዓት ለማይዝ ሁሉ መለኪያው ይኸው ነው። ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሕማም ብዙ ጊዜ በእንክብካቤ ይበርዳል፤ ጸሎቱ አልቆም የሚጠዘጥዝ፣ ይልቁንም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሣ ግን ነርቩ መታመሙን ያመለክታልና ሳይውል ሳያድር ሊታይ ይገባዋል።

ስለዚህ ጉጠቱን አኑሬ መፋቂያውን አነሣሁ፤ ጫፉን አኝከው ካለሰለሱት በኋላ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ በዝግታ እንዲስቡት አሳየኋቸው፤ ፖታሲየም ናይትሬት ያለበትን የጥርስ ሳሙናም ማታ ማታ በጣታቸው ቀብተው ሳይጉመጠመጡ እንዲተኙ፣ ፋይዳውም ከሳምንታት በኋላ እንጂ በማግሥቱ እንደማይታይ ነገርኋቸው።

«ታዲያ ልጄ፣ ጥፋቱ የእጄ ነበር?» አሉና መፋቂያውን ወደ መቀነታቸው መለሱት።