ዩኒፎርም የለበሰ ገላጋይ

ጠብን የማብረድ ሥልጠና የቅኝት ፖሊስን ከሁሉ በፊት የሚያስተምረው ፋታ መፍጠርን ነው። የተቆጣ፣ የሰከረ ወይም የፈራ ሰው በዚያች ቅጽበት ነገር ማመዛዘን ያቅተዋል፤ ልቡ ይደልቃል፣ ጆሮው ይደፈናል፣ ዓይኑ ከፊቱ ከቆመው አደጋ በቀር አያይም። ሰውነቱ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። በእነዚያ ደቂቃዎች የሚሰማው ጩኸትና ትእዛዝ ከሆነ ነገሩ ይግላል፤ ራቅ ብሎ የቆመ፣ በለዘበ ድምፅ የሚናገር ሰው ካገኘ ብዙውን ጊዜ ይበርዳል። ፖሊሱም ሰው ነውና ያው ድንጋጤ እሱንም ይይዘዋል። ስለዚህ የሥልጠናው መነሻ የራስን ትንፋሽና የራስን ድምፅ መግዛት ነው።

በምዕራብ ወለጋዋ ቢላ የሚውል የገበያ ቀን ለምሳሌ ይጠቅማል። ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ የሚዛን ክርክር፣ የከረመ ብድር፣ የመሬት ወሰን ቂምና አረቄ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንደኛው ዱላ አንስቷል እንበል፤ ገበያተኛው ከቧቸዋል፤ ሁለት ፖሊሶች ይደርሳሉ። ያልሠለጠነ ፖሊስ እየሮጠ መሀል ይገባል፣ ክላሹን ከትከሻው ያወርዳል፣ «ጣል!» ብሎ ያንባርቃል። ባለ ዱላው በዘመድ አዝማዱ ፊት ቢጥል ፈሪ ይባላል፣ ባይጥል ይመታል። መውጫው በሁለቱም በኩል ተዘጋበት ማለት ነው።

የሠለጠኑት ሥራውን ይከፋፈሉታል። አንዱ ብቻ ይናገራል፤ ሌላው ከበባውን ወደ ኋላ እየመለሰ የጓደኛውን ጀርባ ይጠብቃል። ተናጋሪው ዱላው ከማይደርስበት ርቀት ላይ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብሎ፣ መዳፎቹ እየታዩ ይቆማል። መሣሪያው ከትከሻው አይወርድም። በአፋን ኦሮሞ «ኦቦሌሳ» (ወንድሜ) ብሎ ይጠራዋል፤ ሰውየው በዕድሜ የገፋ ከሆነ በ«አቲ» ፈንታ «ኢሲን» እያለ በአንቱታ ያነጋግረዋል። ምን እንደ ተበደለ ይጠይቀዋል፣ ሳያቋርጥ ያዳምጠዋል፣ የሰማውንም በራሱ አንደበት መልሶ ይነግረዋል። ከዚያ «ዱላህን ለአጎትህ ስጥና ጥላው ሥር ሆነን ሚዛኑን አብረን እንየው» ይለዋል። ዱላውን ለፖሊስ ማስረከብ ሽንፈት ነው፤ ለአጎት መስጠት ግን ታላቅን ማክበር ነው። የሥልጠናው ረቂቅ ክፍል እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ክብሩ ሳይነካ የሚወጣበት በር ተከፍቶለታል።

ይህ ጥበብ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ገላጋይ በየመንደሩ አለ። በወለጋ የአገር ሽማግሌዎች፣ «ጃርሳ ቢያ» የሚባሉት፣ የተጣላን ያስታርቃሉ። በኦሮሞ ባህል እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ሲንቄ የተባለች በትር አለች፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ከቆሙ ጠቡ ይቆማል፤ አልፎ የሚማታ ነውረኛ ነው። የኦሮሚያ ክልልም በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። ለአንድ ወጣት ኮንስታብል ከእነዚህ ሰዎች የተሻለ መምህር ማግኘት ይከብዳል።

ሆኖም ፖሊስ ሽማግሌ አይደለም፤ ልዩነቱ ሳይብራራ የሚሰጥ ሥልጠናም ጉዳት ያመጣል። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ፖሊስ ጠቡን ካበረደ በኋላ ወንጀል ተፈጽሞ ከሆነ ተጠርጣሪውን መያዝና ማስረጃ ማሰባሰብ አለበት። በተለይ ባል ሚስቱን ደብድቦ በተገኘበት ቤት «ታረቁ» ብሎ መውጣት ሴቲቱን ለሚቀጥለው ዱላ አሳልፎ መስጠት ነው። እዚያ ቤት ማብረድ ማለት ሰውየው ሳይቆስል፣ ፖሊሱም ሳይጎዳ፣ ተጠርጣሪውን ጣቢያ ማድረስ ነው።

የዘመናዊው ሥልጠና መነሻም የቤት ውስጥ ጠብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ሞርተን ባርድ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በኒውዮርክ 18 የቅኝት ፖሊሶችን የቤተሰብ ግጭትን እንዲያበርዱ አሠለጠነ። ከ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ እልቂት በኋላ የኒውዮርክ ፖሊስ ታጋች ከያዙ ሰዎች ጋር የሚደራደር ቡድን አቋቋመ። በ1987 በአሜሪካዋ ሜምፊስ ቢላዋ የያዘ የአእምሮ ሕመምተኛ ወጣት በፖሊስ ጥይት ሲገደል ሕዝቡ ተቆጣ፤ በዓመቱ ለተመረጡ የቅኝት ፖሊሶች የ40 ሰዓት ሥልጠና ተጀመረ። የሜምፊሱ አሠራር ዋና ብልሃት ከሥልጠናው ጎን ለጎን የተደረገው ስምምነት ነው፤ ፖሊስ ያመጣውን ሕመምተኛ ሆስፒታሉ ሳያጉላላ ይቀበላል። ታማሚውን የሚያደርስበት የሌለው ፖሊስ ምንም ያህል ቢሠለጥን ሰውየውን ከመንገድ ወደ እስር ቤት ከመውሰድ ሌላ ምርጫ የለውም።

በ1982 ዓ.ም. በሃቫና የተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያጸደቃቸው የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መርሆዎች ፖሊስ በተቻለ መጠን ከኃይል በፊት ሌላ መንገድ እንዲሞክር፣ ማግባባትና መደራደርንም እንዲማር ያዛሉ። የኢትዮጵያ ሕግም ከዚህ አይርቅም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 56፣ እንዳይያዝ የሚታገልን ሰው ለመያዝ ፖሊስ የሚጠቀመው ኃይል ከሁኔታው ጋር ተመጣጣኝ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህን በተግባር ለመፈጸም ግን ችግሩ ከትጥቁ ይጀምራል። ክላሽና ቆመጥ ብቻ የያዘ ፖሊስ በምላሱና በጥይቱ መካከል ያለው አማራጭ ጠባብ ነው። የሃቫናው ሰነድ ጋሻና የራስ ቁር ጭምር እንዲሰጠው የሚለው ለዚህ ነው፤ ራሱን መከላከል የሚችል ፖሊስ ለመተኮስ አይቸኩልም።

ወለጋ ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አካባቢው በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል ውጊያ ሲካሄድበት ቆይቷል። ሌሊት ሲጠብቅ ያደረ ፖሊስ ጠዋት የሚጠጋውን ባጃጅ ሁሉ በጥርጣሬ ያያል፤ ነዋሪውም ዩኒፎርም ሲያይ ይሸማቀቃል። እዚህ ሠልጣኙ ሊማር የሚገባው ከለላ መያዝን ነው። ከግንብ ወይም ከመኪና ሞተር ጀርባ የቆመ ሰው ለመናገርም ለማዳመጥም ጊዜ አለው።

ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ደግሞ የአንድ ፖሊስ ለዘብተኝነት ብቻውን አይበቃም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ በተከበረው ኢሬቻ ላይ የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ሲተኩሱ ሕዝቡ ተደናግጦ ተረጋገጠ፤ ብዙዎች ገደል ውስጥ ወድቀው ሞቱ። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 55 ሲል ሌሎች ከዚያ በእጅጉ እንደሚበልጥ ተናገሩ። ሕዝብ መሸሻ በሌለበት ቦታ ጭስ መተኮስ ምን እንደሚያስከትል ማወቅ ከተራው ፖሊስ ይልቅ የአዛዡ ትምህርት ነው።

ሥልጠናው ይሠራል ወይ ለሚለው ጥሩ ማስረጃ ያለው በአሜሪካዋ ሉዊቪል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፖሊሶቿ በየተራ ሲሠለጥኑ የተደረገ ጥናት በኃይል የመጠቀም አጋጣሚ 28 በመቶ፣ የነዋሪዎች ጉዳት 26 በመቶ፣ የፖሊሶች ጉዳት 36 በመቶ መቀነሱን አሳየ። የፖሊሶቹ ጉዳት ይበልጥ መቀነሱ ሥልጠናውን እንደ ልፍስፍስነት ለሚያዩ አዛዦች በቂ መልስ ነው። ግን በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ፖሊሶች ብሬኦና ቴይለር የተባለችን ሴት ቤት በሌሊት ሰብረው ገብተው ገደሏት። መንገድ ላይ በትዕግሥት መናገር የተማረ ፖሊስ በር ሰብሮ እንዲገባ ከታዘዘ የሚናገርበት ፋታ አያገኝም።

ትምህርቱ በንግግር ብቻ ከተሰጠ በሳምንት ይረሳል። በጣቢያው ግቢ አንዱ ፖሊስ ሰካራም፣ አንዱ ተበዳይ፣ አንዱ የሚያናድድ ተመልካች ሆኖ መለማመድ አለበት፤ ከዚያም የት እንደቆመ፣ መጀመሪያ ምን እንዳለ፣ ድምፁ መቼ ከፍ እንዳለ ባልደረቦቹ ይነግሩታል። የጣቢያው የዕለት መዝገብም መለወጥ ይኖርበታል። መዝገቡ የሚይዘው የተያዘውን፣ የቆሰለውንና የሞተውን ነው። ዱላው ለአጎት ተሰጥቶ ሚዛኑ ጥላ ሥር የታየበት ቀን በመዝገቡ ላይ አይታይም፤ ፖሊሱም በእድገት ጊዜ የሚያቀርበው ነገር አይኖረውም። ማን እንደተናገረ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ማን እንደረዳ በሁለት መስመር ቢጻፍ ለሚቀጥሉት ሠልጣኞች ከራሳቸው ገበያ የተገኘ መማሪያ ይሆናል።