ባድመ፦ ሁለት ዳኞች፣ ሁለት ጥያቄዎች

ኦክላንድ ውስጥ በቴሌግራፍ ጎዳና የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ። እዚያም ሆነ ሳን ሆዜ፣ በሁለቱ አገሮች ድንበር ያለችው የባድመ መንደር ነገር ከተነሳ ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ “ዳኞቹ መሬቱን ለኤርትራ ፈርደዋል” ሲል፣ ሌላው “ጦርነቱን ያስነሳችው ኤርትራ እንደሆነች ዳኞቹ ወስነዋል” ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚጠቅሱት ግን ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎችን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጣልያንና ከብሪታኒያ ጋር ከተፈራረሙት ውል ነው። በውሉ መሠረት ወሰኑ ሰቲትን፣ ማለትም ተከዜን፣ ተከትሎ ማይቴብ የተባለ ወንዝ እስከሚገባበት ይሄዳል፤ ከዚያም መረብ ከማይ አምበሳ ጋር ወደሚገናኝበት ያቀናል። በሁለቱ መገናኛዎች መካከል ያለውን መስመር የኢትዮጵያና የጣልያን ልዑካን፣ የኩናማ ጎሣ ለኤርትራ እንዲሆን አድርገው፣ እንዲያካልሉት ታዘዘ። ሳያካልሉት ቀሩ። ባድመ ያለችው በዚሁ ክፍል ነው።

ለብዙ ዘመን ይህ ብዙም አላስጨነቀም። ጣልያን ኢትዮጵያን ሲወር ትግራይን ከኤርትራ ጋር በአንድ ግዛት አዋሐደ። በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች፤ በ1962 ፌዴሬሽኑ ፈረሰና ወሰኑ የጠቅላይ ግዛት ወሰን ብቻ ሆነ። የትግራይ ገበሬ ባድመ ላይ አረሰ፤ ግብርም ለትግራይ ሹማምንት ከፈለ። በ1993 ኤርትራ ነጻ ስትወጣ ያ ያልተካለለ መስመር የሁለት አገሮች ድንበር ሆነ። በሜይ 1998 ጦርነት ተነሳ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አለቁ፤ ቤተሰቦችም ከሁለቱም አገሮች ተባረሩ።

በዲሴምበር 2000 አልጀርስ ላይ የተፈረመው ስምምነት ሁለት ኮሚሽኖችን አቋቋመ። በኤሊሁ ላውተርፓክት የተመራው የድንበር ኮሚሽን የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎችን እንዲተረጉም እንጂ፣ “የትኛው ፍትሐዊ ነው?” ብሎ በርትዕ እንዲፈርድ አልተፈቀደለትም። ይህን የከለከለው ሁለቱም መንግሥታት የፈረሙት ያው ስምምነት ነው። በኤፕሪል 2002 ዳኞቹ ከሰቲት ተነስቶ መረብና ማይ አምበሳ እስከሚገናኙበት የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ኢትዮጵያ ስለ ግብርና ስለ አስተዳደር ያቀረበችው ማስረጃ የውሉን መስመር ለማንቀሳቀስ በቂ ሆኖ አላገኙትም። ባድመ ወደ ኤርትራ ወገን ወደቀች።

እኔን እስካሁን የሚያሳዝነኝ ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። ውሳኔው የባድመን መንደር ቦታ ለይቶ ስላላሳየ፣ የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ እንደተወሰነች አበሰሩ። ልጁን የቀበረ ሕዝብ በዚህ ዜና ጨፈረ። በማግሥቱ ዓመት እውነቱ ሲገለጥ መንግሥት ውሳኔውን ኢፍትሐዊ አለው፤ የድንበር ምልክትም ባድመ ላይ ሳይተከል ቀረ።

ሁለተኛው፣ የካሳ ኮሚሽኑ፣ የተጠየቀው ሌላ ነበር። በዲሴምበር 2005 ኤርትራ በሜይ 12 ቀን 1998 ባድመ ላይ የፈጸመችው ጥቃት የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር የጣሰ ነው ሲል ወሰነ። የራስ ነው የሚሉትን መሬት በኃይል ማስመለስ ሕጋዊ አይደለምና። ስለዚህ መሬቱ የአንዱ፣ ጥፋቱም የዚያው ሊሆን ይችላል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ቀላል፣ ልጅ ለሞተበት ለመቀበል ግን ከባድ ነው።

ፍርድ ቤት ከክርክሩ አንዱን ጥያቄ ብቻ ሲመልስ በባልካን ኮሶቮንም ገጥሟታል። ሰርቦች ከ1389ቱ ጦርነት ጀምሮ ያለውን ታሪክ ያስታውሳሉ፤ አልባኒያውያን አብዛኛው ነዋሪ እኛ ነን ይላሉ። በ2010 የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የመለሰው ግን የኮሶቮ የነጻነት አዋጅ ዓለም አቀፍ ሕግን ይጥሳል ወይስ አይጥስም የሚለውን ብቻ ነበር። አይጥስም አለ፤ ኮሶቮ አገር ናት ወይስ አይደለችም የሚለውን ሳይነካው አለፈ።

በ2018 ኢትዮጵያ የድንበር ውሳኔውን ያለ ቅድመ ሁኔታ ተቀበለች፤ በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የኤርትራ ጦር ባድመን ያዘ። የአልጀርሱ ስምምነት 4ኛ አንቀጽ መሬት ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር በነዋሪው ላይ የሚደርሰውን ችግር ለመፍታት የተባበሩት መንግሥታት እንዲያግዙ ይጠይቃል። እዚያ የሚያርሰው ሰው የማን ዜጋ ይሆናል? ማሳውስ በእጁ ይቆያል? ክርክራችን ከዚህ አንቀጽ ቢነሳ እመርጣለሁ።