ስለ ሉፐስ ሕመም፤ ከርሱም ጋራ በደኅና ስለ መኖር

ለሰው ሰውነት ከውጭ የሚመጣበትን የበሽታ ዘር የሚከላከልለት ዘበኛ ተሰጥቶታል። ይኸው ዘበኛ አንዳንድ ጊዜ ጠላቱን ከወገኑ ለይቶ ማወቅ ይሳነውና የሚጠብቀውን ቤት ራሱን መውጋት ይጀምራል። ሉፐስ የተባለው ደዌ ይኸ ነው። ቃሉ በላቲን ቋንቋ ተኵላ ማለት ነው። ስሙ ያስፈራል፤ ደዌው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በመነካካትም ቢሆን፣ አብሮ በመብላትም ቢሆን፣ መስቀል በመሳለምም ቢሆን አይያዝም። ይኸን አስቀድሞ መናገር ያስፈለገበት ምክንያት፤ በጕንጭና በአፍንጫ ላይ በቢራቢሮ ክንፍ አምሳል የሚወጣውን ቅላት ያየ ሰው ሳያውቅ ስለሚሸሽ ነው።

ሕመሙ ካለባቸው ዐዋቂዎች መካከል ከ10 ሰዎች 9 ያኽሉ ሴቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የሚጀምረው ልጅ በሚወለድበት ዕድሜ ነው። መጋጠሚያን ያሳምማል፤ ያደክማል፤ ጠጕር ያረግፋል፤ ትኵሳት ያመጣል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ድምፅ ሳያሰማ ኵላሊትን መጕዳቱ ነው። ምልክቱ ከቍርጥማት ጋራ ስለሚመሳሰል ብዙዎች ስሙን ሳያውቁ ዓመታት ያሳልፋሉ። ጧት ደኅና መስላ የታየች ሴት ከቀትር በኋላ ከአልጋ መነሣት ስለሚያቅታት፤ በቤቷ ሰነፍ፣ በመሥሪያ ቤቷ አስመሳይ ትባላለች። ከሕመሙም ይልቅ ይኸ ስም ልብ የሚሰብር ነው።

በአሜሪካ አገር በጆርጂያ ግዛት ፍላነሪ ኦኮነር የምትባል ደራሲት ነበረች። በ1925 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ተወለደች፤ አባቷ በ1941 ዓ.ም. በዚሁ ደዌ ሞተ፤ እርሷንም በ25 ዓመት ዕድሜዋ ያዛት። በመጀመሪያ የደዌውን ስም ደበቋትና ቍርጥማት ነው ተባለች፤ እውነቱን ያወቀችው በ1952 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለው መደበቅ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፤ ሕመምተኛ የራሱን ደዌ ሳያውቅ ራሱን እንዴት ሊጠብቅ ይችላል? ኦኮነር እውነቱን ካወቀች በኋላ ኑሮዋን በኀይሏ ልክ ሰፋችው። በእናቷ እርሻ ላይ ተቀምጣ ጧት ጧት ጥቂት ሰዓት ብቻ ትጽፍ ነበር፤ የቀረውን ቀን ለዕረፍት፣ ለደብዳቤና ፒኮክ ለተባሉት ወፎቿ ሰጠችው። በምርኵዝ እየሄደች ሁለት ልብ ወለድ መጻሕፍትና ከ30 የሚበልጡ አጫጭር ታሪኮች ጻፈች። በሃይማኖቷ ጽኑ የሆነች ካቶሊካዊት ነበረች። በ1964 ዓ.ም. በ39 ዓመቷ ዐረፈች።

በዚያ ዘመን ከሕመምተኞቹ ከአምስት ዓመት በላይ የሚኖሩት ግማሽ ያኽሉ ነበሩ። ዛሬ ግን ሕክምናው በተሟላበት አገር ከመቶው ከ90 የሚበልጡት ከዚያ እጅግ አልፈው ይኖራሉ። የዚህም ምክንያት የመድኀኒት መገኘት ብቻ ሳይሆን፤ ኵላሊት ከመጐዳቱ በፊት በሽንትና በደም ምርመራ መጠባበቅ ስለ ተቻለ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛዪቱ ደኅና ነኝ ባለችበት ወራት እንኳ ሽንቷንና የደም ግፊቷን ማስመርመር ይገባታል። ከመድኀኒቶቹ ዋናው፤ ለወባ ከሚሰጠው ክሎሮኪን ጋራ የሚዛመደው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው፤ ሥራውን የሚገልጸው ቀስ ብሎ በወራት ውስጥ ስለ ሆነ ትዕግሥት ያሻል፤ ዓይንንም በየጊዜው ማስመርመር ያስፈልጋል። ልጅ የምትሻ ሴትም ደዌው ስድስት ወር ያኽል ጸጥ ካለ በኋላ ከሐኪሟ ጋራ ብትመክር የምትወልድበት ተስፋ መልካም ነው።

ፀሓይ ደዌውን ትቀሰቅሳለች። የደጋ ሰው ብርድ ስላለ ፀሓይዋ የማትጐዳ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ በ1000 ሜትር ከፍታ የሚጐዳው ጨረር ከመቶ 10 ያኽል ይጨምራል፤ አዲስ አበባም ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ደግነቱ ነጠላና ጃንጥላ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደሉም፤ ጃንጥላ ይዛ ለወጣች ሴት ቅብጥብጥ ናት ማለት ግን መቅረት አለበት።

በዚህ ነገር ከሐኪም ይልቅ ቃሉ የሚሰማው የንስሓ አባት ነው። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኀኒት ለብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቋርጠው፤ ሰውነቱ ራሱ የሚያመነጨውን ተመሳሳይ ቅመም ማመንጨት ስላቆመ፤ ራሱን ስቶ እስከ መሞት ይደርሳል። እንግዲህ ጠበል የገባች ሴት መድኀኒቷን ጥላ እንድትገባ የሚመክር ሰው፤ በጎ ያደረገ እየመሰለው ለሞት አሳልፎ ይሰጣታል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ስለ ኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጠበሉና መድኀኒቱ እንደማይጣሉ መናገራቸው ይታወሳል፤ ያው ምክር ለዚህም ይሠራል። ደግሞም ከነዚህ ሕመምተኞች የብዙዎቹ ጣት በብርድ ጊዜ እየነጣ ስለሚደነዝዝ፤ በንጋት ውርጭ ከመጠመቅ ይልቅ ፀሓይ ሳትበረታ አየሩ ሲሞቅ መጠመቅ ይሻላቸዋል። መድኀኒቱ ጧት ከምግብ ጋራ የሚወሰድ ስለ ሆነ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሚ ማለትም አይገባም፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ለታመመ ሰው ማረፊያ እንደሚሰጥ ካህናት ከሌላው ሰው ይልቅ ያውቁታል።

የመሥሪያ ቤት ሹም ደግሞ የሚጠየቀው ብዙ ወጪ አይደለም። ጠረጴዛዋን ፀሓይ ከሚገባበት መስኮት ማራቅ፤ ለምርመራ የምትሄድበትን ቀን ያለ ንዝንዝ መፍቀድ፤ በደከመች ቀን የጐደለውን ሥራ በበረታች ቀን እንድትሞላው መተው፤ ትኵሳት ሲይዛትም፤ መድኀኒቱ የሰውነቷን መከላከያ ስለሚያደክመው፤ የዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም ቤት እንድትሄድ ማሰናበት ነው።